የመሬት አዋላጅ

የእትዬ ይመኙሻልን ሞት የሰማሁት ቅቤ ስመዝን ነው። ከቦሩ ሜዳ ደሴ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ሰኞ ገበያ ካለው ሱቄ ደጃፍ ቆመና ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ «ሰይድ፣ ሴትዮህ አረፉ» አለኝ። የትኛዋ ሴትዮ ብዬ አልጠየቅኩም። በቦሩ ሜዳ ዙሪያ ሴት ሞልቷል፤ እኔን እንደ ቤቱ በሬ የሚያዝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሚዛኑን ለቀቅኩና ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ቅቤ ልትገዛ የቆመችው ደንበኛ ጥቂት ጠበቀችና፣ «አይዞህ፣ ዘመድህ ናቸው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እኔ የሰኞ ገበያ እስላም፣ እሳቸው የገጠር ደብር ክርስቲያን፤ በሥጋ የምንገናኝበት መንገድ የለም። «ቅቤዬን ይሰድቡ ነበር» አልኳት። ሐዘን ጭንቅላቴን የነካው ሳይመስላት አልቀረም፣ ዋጋ ሳትከራከር የጠራሁላትን ከፍላ ሄደች። በንግድ ዘመኔ እንዲህ ያለ ደንበኛ አልገጠመኝም። እሱንም የእትዬ ይመኙሻል የመጨረሻ ውለታ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

እሳቸውን ላላየ ሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። ቁመታቸው ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከአንዱ ጋራ ተነሥቶ ወዲያኛው ጋራ ላይ የሚያርፍ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን ራሳቸው ነበሩ የሚያሠሩት፤ እርፍ የጨበጠው ወንድ ልጃቸው ነው፣ አራሹን የሚነዱት ግን እሳቸው ናቸው ይባል ነበር። ትሕትና የሚባል ነገር አልተሰጣቸውም፤ ትሑት ነኝ ብለውም አያውቁም። በገንፎ የሚስተካከለኝ የለም ይላሉ፤ ይህንንም የሚሉት ማንም ሳይጠይቃቸው ነው። ስለ ጤፍ መወደድ ስናወራ ወሬው ዞሮ ዞሮ የእሳቸው ገንፎ ላይ ያርፋል። ስለ ዝናብም ብናወራ ያው ነው።

«እኔ ባማሰልኩት ገንፎ ውስጥ ጓል ያገኘ ሰው ካለ፣ መጥቶ በሬዬን ፈትቶ ይንዳ» ይሉ ነበር። በሬው እስኪያረጅ የነዳው ሰው አልተገኘም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና እንደሚያጽናና ሰው ሆነው፣ «ብቻ አብሽሩ፤ እኔ ስሞት ያገሩ ገንፎ ሁሉ ይጓጉላል። ያኔ ጓል መብላት ትለምዳላችሁ» ይላሉ። ይህን ማስጠንቀቂያ በተለይ ለልጃቸው ሚስት ለብርቄ ደጋግመው ይሰጧት ነበር። ብርቄ ዝም ትላለች። ዝምታዋ የመስማማት ይሁን የሌላ፣ ያኔ ማንም አላጣራም።

ትውውቃችን በጠብ ነው የጀመረው። ሱቁን በከፈትኩ ሰሞን አንድ ቀን መጥተው፣ ከቅርጫታቸው የገብስ አገዳ መዘዙ፤ ካስቀመጥኩት ቅቤ መሃል ሰክተው አወጡና አሸተቱት። ወዲያው ነጠላቸውን ከአንገታቸው ላቀቅ አድርገው ጫፉን ወደ ትከሻቸው መለሱ። ያቺ ነጠላ መመለስ ምን ማለት እንደሆነች ያን ቀን አላወቅኩም ነበር። ኋላ ግን ገበያው ሁሉ እንደሚያውቀው እኔም አወቅኩ፤ ነጠላው ወደ ትከሻ ከተመለሰ ክርክሩ አልቋል ማለት ነው፤ የቀረው ውሳኔውን መስማት ብቻ ነው።

«እናንተ፣ ሙዝ የሸተተኝ እኔን ብቻ ነው?» አሉ፣ ከኋላቸው ወደቆሙት ዘወር ብለው።

የቆመው ሁሉ ተበተነ። ደሜ ፈላ፤ ቅቤውን ከሌላ ሰው ላይ እንዳለ ነበር ያነሣሁት፤ ማን ሙዝ እንደለወሰበት በምን አውቃለሁ። ይህንኑ ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እሱስ ታስታውቃለህ፤ አንተ ራስህ የተታለልክ ነህ» አሉ። «ግን ነጋዴ ነኝ ብለህ ሱቅ ከፍተህ መታለል አያሳፍርህም?» ስድብ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ልክክ ያለልኝ የለም።

ከዚያ ወዲያ በየሰኞው ገብሳቸውን ሸጠው ሲያበቁ እኔ ሱቅ ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ። ቅቤ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ አገዳቸውን ይዘው ይጠብቁታል። ሥራውን የሰጣቸው የለም። ሻጮቹ ረገሙኝ፣ አንዳንዱም መንገድ ቀየረ። ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ ከፒያሳ ሳይቀር ሴቶች እየመጡ «እትዬ ያዩት ቅቤ ነው?» ማለት ጀመሩ። እኔ የተማርኩት እዚያው ሰኞ ገበያ ነው፤ ገበያ የሚጠራ ስድብ መኖሩን ግን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሴት ስትወልድ ገንፎ ይገነፋል፤ ይህ የትም ያለ ነው። በእትዬ ይመኙሻል መንደር ግን መሬትም እንደ ሴት ትቆጠራለች። የመጀመሪያው ገብስ ተወቅቶ ሲነሣ «መሬት ወለደች» ይባላል። የወለደች ደግሞ አራስ ናት፤ ለአራስ ገንፎ ይገነፋል፤ ጎረቤትም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ይመጣል። እናም በኅዳር፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው እሁድ መንደሩ አውድማው ላይ ይሰበሰባል። ከአዲሱ ገብስ ገንፎ ይገነፋል። አውድማው መሃል ትንሽ ጉድጓድ ይማስና የመጀመሪያው ጉርሻ ቅቤው እየተንጠባጠበ እዚያ ይገባል። ሴቶቹ ለወለደች ሴት የሚሉትን እልልታ ለመሬቷ ይላሉ። ከዚያ ሰው ይበላል።

በደርግ ጊዜ ይህ ነገር ተቋርጦ ነበር። ስብሰባ እንጂ ድግስ አይወደድም ነበርና። በድርቁ ዘመን ደግሞ የሚገነፋም አልነበረም፤ ያን ጊዜ መሬቷ መክና ነበር ይላሉ እትዬ ይመኙሻል፣ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ብቻ ጉራቸውን ትተው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ካድሬዎች እየመጡ ባህላችሁን አውጡ ሲሉ ሌላው ሰው አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ሄደ። እሳቸው ግን የምር አድርገው ያዙት። በርሜል አስቆርጠው፣ ድስት አድርገው፣ ማማሰያውን ከወይራ አስጠርበው፣ በሚቀጥለው ቅበላ እሳት አነደዱ።

መጀመሪያ የመጣው የመንደሩ ሰው ነበር። ቀጥሎ የደሴ ዘመድ አዝማድ። ቀጥሎ እኔ ታዘዝኩ፤ ቅቤው በእኔ በኩል እንዲሆን ተወሰነ፤ የወሰኑት ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም። ቀጥሎ ከኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኞች አውቶቡስ ተኮናትረው መምጣት ጀመሩ። ሰው ሲበዛ ድግሱ ፌስቲቫል ተባለ። ፌስቲቫል ሲባል ቢሮ መጣ፤ ከቢሮው ጋር ኮሚቴ መጣ፤ ከኮሚቴው ጋር ባነር መጣ። እትዬ ይመኙሻል ባነሩን አስነብበው ሲሰሙ ገንፎ የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ መጻፉ አላስደሰታቸውም።

ሕዝብ የተሰበሰበበትን ቦታ ያየ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። አንድ የፒያሳ ባለ ሆቴል በዓሉ ወደ አዳራሹ ይምጣ ብሎ ለኮሚቴው ሐሳብ አቀረበ። ወንበር አለ፣ ምንጣፍ አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ፤ እንግዳው በእበት ላይ አይሄድም፣ ብርድም አይመታውም። ኮሚቴው ግማሹ ወደደው። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነበር፤ የዘንድሮው በመንደሩ ይከበር፣ ከክልል አንድ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ፣ በእሳቸው ፊት ካማረ እዚያው ይቀጥላል፤ ካላማረ ከርሞ ሆቴሉ ይወስደዋል።

ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እትዬ ይመኙሻል ጆንያው ላይ እንደተቀመጡ አገዳቸውን በጣታቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩ። «ምንጣፍ ላይ ገብስ ይበቅላል?» አሉ በመጨረሻ። አይበቅልም አልኳቸው። «እንግዲያው እዚያ ማን ትወልዳለች?» ብለው ተነሡ። ቀልድ መሰለኝ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን እንዳልሆነ ገባኝ። ድርቁንም ደርጉንም አሳልፈው ያነሡት ነገር በወንበርና በድምፅ ማጉያ ሊወሰድባቸው ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ ዮናታን የሚባል የደሴ ልጅ ነበር። ታታሪ፣ ጨዋ፣ እሁድ እሁድ ከቤተ ሰቡ ጋር ጊታር ካለበት ጸሎት ቤት የሚውል የጴንጤ ልጅ። አንድ ቀን ፈንጠዝያ በፈንጠዝያ ሆኖ ሱቄ መጣ። እንግዳው በቅበላው እሁድ ስብሰባ ስላለባቸው ኮምቦልቻ የሚደርሱት በሳምንቱ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ወደሚቀጥለው እሁድ አዛውሬዋለሁ አለኝ። ደብዳቤው ተበትኗል፤ ማስታወቂያውም ከፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ተለጥፏል።

እኔ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። የክርስቲያን ጾም መግቢያና መውጫውን ከዲያቆን እኩል አውቃለሁ፤ ገበያዬ የሚቀዘቅዘውና የሚሞቀው በእሱ ነው።

«ዮናታን፣ ገንፎውን ማን ይበላዋል?» አልኩት።

«ሕዝቡ ነዋ ጋሽ ሰይድ።»

«ሕዝቡ እኮ ጾም ይዟል።»

«የቱን ጾም?» አለኝ።

የነቢያትን ጾም አንድ እስላም ለአንድ ጴንጤ ሲያስረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰኞ ገበያ ላይ ሳይታይ አልቀረም። ልጁ እያዳመጠኝ ቀስ እያለ ጆንያው ላይ ወረደ፣ የእትዬ ይመኙሻል ጆንያ ላይ። ለእሱ ጾም ማለት ሥጋ ቤቶች የሚቀዘቅዙበት ወቅት ነው፤ ከገንፎ ጋር የሚያገናኘው ነገር ትዝ አላለውም። ወዲያውም ባለ ሆቴሉ በዚያው ሰፈር እንደሚያወራ ደረሰን፤ «የኛ አዳራሽ የጾምም የፍስክም አለው፤ ተውአቸው ይሞክሩት» እያለ ነው አሉ። ሁለታችንም ሚኒባስ ተሳፈርን።

ከአስፋልቱ ወርደን ሽቅብ በእግር ስንደርስ እትዬ ይመኙሻል አውድማውን ይጠርጋሉ። ቀኑ መዛወሩን ከደብሩ ቄስ ከመምሬ ደምሴ ሰምተው ኖሯል። ዮናታን ይቅርታ እየጠየቀ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈ። እሳቸው መጥረጊያውን እንደያዙ ዝም አሉ። እሳቸውን ዝም ብለው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ወላሂ ፈራሁ። ችግሩ ግልጽ ነው። በቅቤ ከሆነ ምእመኑ አይነካውም፤ ባለ ሆቴሉ ጦሙን ያደረ ገበታ ለእንግዳው ያሳያል። ያለ ቅቤ ከሆነ ደግሞ የአራስ ገንፎ አይደለም። ድሃ ቤት እንኳ አራስ ያለ ቅቤ አትታረስም፤ ለምነውም ቢሆን ያገኙላታል። አይሆንም ብለው ከተዉት ደግሞ በዓሉ ፒያሳ ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ መጥረጊያውን አስቀመጡ። ነጠላው ወደ ትከሻ ተመለሰ።

«ቅቤውን አምጣ» አሉኝ።

ማን እንዲበላው ብዬ ጠየቅኩ። አንተ ነጋዴ ነህ፣ የታዘዝከውን ብቻ አምጣ አሉኝ። ዮናታንንም አገጩን ቀና አድርገው፣ «አብሽር ልጄ፤ ዝም ብለህ ባነርህን ስቀል» አሉት። ስንመለስ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ እኔም በልቤ ዱዓዬን አደርሳለሁ። ሁለት ሃይማኖት በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ለሦስተኛው ጾም ይጸልይ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የኅዳር ብርድ ነው፤ ፀሐዩ ቢወጣም ጉንጭ ይቆነጥጣል። በርሜሉ ድንጋይ ላይ ተጥዷል። እትዬ ይመኙሻልና ብርቄ ግራና ቀኝ ቆመው ማማሰያውን በሁለት እጃቸው ይዘው እየዞሩ ይወቅጡታል፤ ገንፎ ሳይሆን የጠላት ቅጥር የሚያፈርሱ ነው የሚመስሉት። አማቲቱ ከትንፋሻቸው መሃል፣ «ከሥሩ አንሺው! አሁን ያ ጓል አይደለም? እኔ ብሞት እኮ አለቀላችሁ» ይላሉ። ምራቲቱ ከሥሩ ታነሣለች።

ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ መጣ። የኮምቦልቻ አውቶቡሶች መጡ። እንግዳው ከነአጃቢያቸውና ከቴሌቪዥን ካሜራው ጋር መጡ። ባለ ሆቴሉ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣና ሁሉን የሚያይበት ቦታ መርጦ ቆመ። እኔም የነጠረውን ቅቤ በጣሳ በጣሳ ይዤ መጣሁ።

ጣሳዎቹ ሲከፈቱ ሽታው አውድማውን አጠነው። ሌላ ቀን ቢሆን ምራቅ የሚያስውጥ ሽታ ነው፤ ያን ቀን ግን ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ይዘው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። መምሬ ደምሴ መስቀላቸውን ይዘው ከአውድማው ዳር ቆመዋል፤ ወደ ውስጥ አልገቡም። ጉርምርምታው እንደ ንብ ቀፎ ነው። ከሁሉ የባሱት እንግዳው ናቸው። መርሐ ግብሩ የመጀመሪያውን ጉርሻ እሳቸው በካሜራ ፊት እንዲጎርሱ ይላል። በዚያ ዘመን ሹም ስለ ልማት እንጂ ስለ ጾሙ መድረክ ላይ አያወራም፤ ግን ሰውየው ጿሚ መሆናቸውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። ቅቤውን ሲያዩ በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፈፈ። ካሜራው ቀና ብሎ ይጠብቃቸዋል።

እትዬ ይመኙሻል ገንፎውን በሁለት ትልልቅ ገበታዎች አስወጡት። ለምን ሁለት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የሁለቱንም መሃል በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አደረጉና እጃቸውን አብሰው ወደ ቄሱ ዞሩ። አስቀድሞ አልተማከሩም፤ መምሬ ኋላ በመስቀላቸው ምለው ነግረውኛል። አይሆንም ቢሏቸው በደብራቸው ፊት፣ በእንግዳው ፊት፣ በባለ ሆቴሉ ፊት ማፈራቸው ነበር።

«መምሬ፣ ሕጉን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂ።»

«አራስ ትጾማለች?»

መምሬ ጥያቄው ወዴት እንደሚወስዳቸው ያዩት መሰለኝ፤ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «አራስ አትጾምም» አሉ።

«መሬትስ መቼ ነው የወለደችው?»

መምሬ ወደ ገብሱ ክምር ተመለከቱ። ገለባው ገና ከአውድማው ዳር አልተነሣም። «እኔ የማውቀው ስለ አራስ ነው» አሉ በጥንቃቄ፤ «ስለ መሬቷ ተጽፎ አላየሁም።»

ነጠላው ወደ ትከሻ ተመለሰ።

«ስለ መሬቷ እኔ አውቃለሁ» አሉ እትዬ ይመኙሻል። «አዋላጇ እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላስታውስም። መምሬ በጢማቸው ውስጥ ሲስቁ ግን አይቻለሁ። መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ወደ አውድማው ገቡና፣ «እንግዲህ ለአራሷ ስጧት። እኛ ጿሚዎቹንስ በምን ልታበዪን ነው?» አሉ። ያን ጊዜ ከገለባው ክምር ጀርባ የመንደሩ ሴቶች እንስራ እንስራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ተልባ ነው፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በበርበሬና በጨው ተበጥብጦ አረፋ የደፈቀ ተልባ። ሰሞኑን መንደሩ በሙሉ ሲወቅጥ ኖሯል፤ ለምን እንደሚወቅጥ ግን አልተነገረውም።

የመጀመሪያው ጉርሻ ቅቤው እየተንጠባጠበ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ጾም የያዘው ሕዝብ ሁሉ ወደ መሬቷ ጎንበስ ብሎ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት። እኔም አልኩ። እልልታው ቦሩ ሜዳ ድረስ ተሰምቷል የሚሉ አሉ፤ ያጋነኑ አይመስለኝም።

የቅቤው ገበታ ለማን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀም። በእውነት የወለደች አንዲት የመንደሩ ሴት ሕፃኗን ታቅፋ ነበር፤ ለእሷ ከመሬት ቀጥሎ ተሰጣት። ሕፃናት ተከተሉ። እኛ እስላሞቹ ተከተልን። ዮናታን በሁለቱ ገበታዎች መሃል ቆሞ ሲያመነታ እትዬ ይመኙሻል አዩት።

«አንተስ ትጾማለህ?»

«እኛ የምንጾመው በራሳችን ጊዜ ነው እማማ።»

«ዛሬ ነው ጊዜው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ምን ትገተራለህ? ብላ» ብለው ወደ ቅቤው ገፉት።

እንግዳውን ግን አልጠየቋቸውም። እጃቸውን ይዘው፣ ስለ ገብሱ ማማር እያወሩ፣ ካሜራውን አስከትለው ወደ ተልባው ገበታ ወሰዷቸው። ሰውየው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው፣ «ማርያም ትስጥልኝ» ሲሏቸው አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። ካሜራው አልሰማም።

ባለ ሆቴሉ መነጽሩን አውልቆ ነበር። ተልባውን አንዴ በላ፣ ደገመም። ነጋዴ ነውና ሽንፈቱን ወዲያው ወደ ሥራ ሊለውጠው ፈለገ። እንግዳው በሚሰሙበት ቦታ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ለከርሞ መኪና ልኬ አስመጣዎታለሁ። ብርድ የለ፣ ጭስ የለ። እርስዎ ማማሰል ብቻ ነው» አላቸው።

«ልጄ፣ እናትህ ስትወልድ አይተሃል?»

«ታናናሾቼን ስትወልድ አይቻለሁ።»

«አራስ ሆና ከቤት ትወጣ ነበር?»

«ኧረ አትወጣም» አለ፣ ምን እንዳለ ሳያስበው።

እትዬ ይመኙሻል በእግራቸው አውድማውን መታ መታ አደረጉ። «የእኛም አራስ ቤቷ ይኸው ነው። አራስ ጠያቂ ትቀበላለች እንጂ ጠያቂ ፍለጋ ፒያሳ አትወርድም። ከርሞ አንተ ና» አሉት። ሊሄዱ ብለው ደግሞ ዞር አሉ። «ባዶ እጅህን ግን እንዳትመጣ፤ አራስ ጥየቃ ነው።»

እንግዳው ንግግር ጽፈው መጥተው ነበር፤ ኪሳቸው ሲያብጥ እንዳየሁት አጭር አልነበረም። ጣታቸው ሁሉ ተልባ ስለሆነ ወረቀቱን ማውጣት አልቻሉም። ድምፅ ማጉያውን በክንዳቸው ደግፈው፣ በዓሉ ከርሞም ከዚያም ወዲያ እዚሁ አውድማ ላይ ይከበራል ብለው ወረዱ። በዚያ ዘመን ከሰማኋቸው የሹም ንግግሮች ሁሉ አጭሩም ያመንኩትም እሱ ነው።

ማታ በቴሌቪዥን ታየ። እትዬ ይመኙሻል በሰኞው ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ለሳምንታት ሲያማርሩ ከረሙ፤ «የሰውየውን ማኘክ ያን ያህል ሲያሳዩ የእኔን ማማሰል ለዓይን ጥቅሻ ያህል አሳዩት፤ ማኘክ ማን ያቅተዋል?» እያሉ። በሚቀጥለው ዓመት በዓሉ ወደ ቅበላው እሁድ ተመለሰ። የተልባው ገበታ ግን አልቀረም፤ የሚወደው ሰው በዛ። ባለ ሆቴሉም በየዓመቱ ይመጣል። ባዶ እጁንም መጥቶ አያውቅም፤ አንድ ዓመት ስኳር፣ አንድ ዓመት በግ፣ ልክ ለአራስ ጠያቂ እንደሚያመጣው።

በመስከረም ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ሰኞ ገበያ በሙሉ ተገኘ። ሙዝ ያገኙባቸው ቅቤ ሻጮች ሳይቀሩ መጥተው አለቀሱ። አንዱ፣ «ቅቤዬን ከእሳቸው ወዲያ ደፍሮ የሚያሸት ይመጣ ይሆን?» እያለ ነበር የሚያለቅሰው፤ ስጋት ይሁን ተስፋ አልገባኝም። ዮናታን ከነሚስቱ መጥቷል። የሁሉም ሰው ወሬ ግን አንድ ነበር፤ ኅዳር ሲመጣ ምን ይሆናል? በርሜሉን ማን ይደፍረዋል? ሴትዮዋ ዕድሜ ልካቸውን ስላስፈራሩን፣ ከእሳቸው ሞት በኋላ ያገሩ ገንፎ እንደሚጓጉል ሁላችንም ሳናውቀው አምነን ኖሯል።

ኅዳር መጣ። ቅቤዬን ይዤ ሽቅብ ወጣሁ። በርሜሉ በቦታው ተጥዷል፤ የወይራው ማማሰያ እጀታው ከእሳቸው መዳፍ ጠቁሯል። ያዘችው ብርቄ ነበረች። በወዲያ በኩል የራሷን ልጅ አቁማታለች፤ «ከሥሩ አንሺው» ስትላት ድምፁ የአማቷ ነው፤ የብርቄ ድምፅ እንዲህ ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሕዝቡ እንደ ፈተና ውጤት ይጠብቃል። ገንፎው በሁለቱ ገበታዎች ወጣ፣ መሬት ድርሻዋን ወሰደች፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተባለላት።

እኔ ከቅቤው በላሁ። ከዚያ የሚያስገድደኝ ባይኖርም ወደ ተልባው ተሻገርኩና ጣቴን ሰድጄ ከሥር፣ ከዳር፣ ከመሃል ፈለግኩ። ብርቄ ከበርሜሉ ማዶ ታየኛለች።

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

«ጓል እየፈለግኩ ነው።»

«አገኙ?»

ወላሂ፣ አንድም አልነበረም። በሬዋን የሚነዳ አልተገኘም። ይህንኑ ስነግራት ብርቄ ፈገግ ሳትል ነጠላዋን ከአንገቷ ላቀቅ አድርጋ ጫፉን ወደ ትከሻዋ መለሰች። እልልታው ቀለጠ። እትዬ ይመኙሻል ይህን ቢያዩ ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፈው ይከርሙ ነበር።